ያላመመኝ ክርን

ቀኝ ክርኔ ሲያብጥ አላመመኝም። ሆመቾ ከተማ ያለው ወጌሻ ሦስት ጊዜ ሲጎትተው ዝም ስላልኩ «ወንድ ማለት አንተ ነህ!» አለኝ። እኔም ጅሉ ኮርቼ እንጨት መፍለጤን ቀጠልኩ።

በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ስጽፍ ግን መምህርቷ ክርኔ ሲንቋቋ ሰማች።

«አባባ፣ አጥንትዎ እኮ እየተፋጨ ነው!»

«አያመኝም አልኩሽ፤ ይልቅ ፊደልሽን አስቆጥሪ።»

«አለማመሙ ነው የሚያስፈራው። ሆሳዕና ሆስፒታል ሄደው ካልታዩ ነገ ክፍል አላስገባዎትም።»

እየተሳደብኩ ሄድኩ። ሐኪሙ ሕመም የሚያሰማው ነርቭ ስለተጎዳ መገጣጠሚያዬን ሳላውቀው እንደፈጨሁት ነገረኝ። የተበላው አልተመለሰም፤ ክንዴ ዛሬም በደንብ አይዘረጋም። የቀረውን ግን በድጋፍ አስረው አተረፉልኝ። ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። መምህርቷን ግን አመሰግናለሁ፤ ይህን የጻፍኩት ባተረፈችልኝ እጅ ነው።