ጥለቱ ወደ መንገድ

መካነ ሰላም ገበያ ዳር የእርዳታ እህል አራግፎ የቆመ ሾፌር ነው። ኮቱም ቅንድቡም አቧራ ለብሷል። የመኪናው ዳሽቦርድ በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ የሴት ነጠላ ያለብሰዋል፤ ሲነዳም አያነሳውም። ቀዩን ጥለት ግን ሁልጊዜ ወደ መስታወቱ ነው የሚያዞረው።

«ጋሼ፣ ጥለቱን ወደ ውስጥ ቢያዞሩት ቀለሙን ፀሐይ አይበላውም» አልኩት።

ዓይኑን ከነጠላው ሳይነቅል መለሰልኝ። «ባለቤቴ አምና ረሃቡ ሲጠና፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ከኩታበር እህል ፍለጋ እንደወጣች ቀረች። ከመንገደኛው መሀል ካለች የክት ነጠላዋን አይታ ታስቆመኛለች፣ ኢንሻ አላህ።»

ቀይ የነበረው ጥለት ግን በፀሐይ ነጥቶ ገለባ መስሏል። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት እጥፋቱን ገለጠ። ጣት የምታህል ቀይ ተርፋ ነበር፤ እሷን አውጥቶ ወደ መንገዱ አዞራት።