ስሟን ያስቀረው ዝውውር

ሥራውን የጀመርነው ሦስት ሆነን ነው። እኔ ደብረ ታቦር ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ ገበያው ዳር በአባቷ የእህል መደብር ትሠራለች። ሦስተኛው የክፍል ጓደኛችን አዲስ አበባ ገብቶ ቀረ። የሠራነው የአማርኛ ፊደል ግድፈት አራሚ ነው፤ ማንም በነጻ ወስዶ እንዲያሻሽለው ኮዱን ክፍት አድርገን ኢንተርኔት ላይ አስቀመጥነው።

ከባዱን ክፍል የሠራችው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ «መጣ»ን ቢያውቅም «አልመጣችላቸውም» ሲባል ግራ ይገባው ነበር። ቃሉን ከፊትም ከኋላም እየፈታ ሥሩን የሚያገኘውን ኮድ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ላፕቶፑን የጤፍ ጆንያ ላይ አስቀምጣ ጻፈችው። አባቷ እብናት ገበያ ሲወርዱም አብራ እየሄደች የገበሬውን ቃል ትለቅም ነበር። አራሚያችን «ወገል»ን የመሰለ የእርሻ ቃል በቀይ ማስመሩን የተወው በእሷ ነው።

በኮዱ ላይ እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው የሚመዘግብ የድሮ ሥርዓት ነበረን። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ያለው ጓደኛችን፣ «ዘመኑ ጊት የሚባለው መመዝገቢያ ነው፤ ሁሉም ወደዚያ ሄዷል። እኔ አዛውረዋለሁ» አለ። ሐሳቡ ትክክል ስለነበር ተስማማን።

ትምህርት እንደተከፈተ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ጓደኛዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ባሕር ዳር ሥራ አመልክታ ነበር።

«ሥራሽን አሳዪን ሲሉኝ የኮዳችንን ገጽ ከፈትኩላቸው» አለችኝ። «ስሜ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«የለም አልኩህ! የሰውን ሥራ የራሷ አድርጋ የመጣች መሰልኳቸው።»

እዚያው ስልኬን ከፈትኩ። የዓመታት ልፋታችን አንዲት መስመር ሆኗል፦ «የመጀመሪያ ቅጂ» ትላለች። ከጎኗ የአዲስ አበባው ጓደኛችን ስም ብቻ። የለውጦቹን ታሪክ ትቶ የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ብቻ ገልብጧል። ወዲያው ደወልኩለት።

«እሱን ማዛወር እኮ ራስ ምታት ነው» አለ እየሳቀ። «ዋናው ኮዱ መሥራቱ አይደል?»

«የጻፈችውስ?»

«ስማ፣ ክፍት ኮድ የማንም አይደለም።»

«ታዲያ ያንተ ስም እዚያ ምን ይሠራል?»

ዘጋው። ከስርቆቱ ይልቅ ሳቁ አንጀቴን አሳረረው።

ደግነቱ በድሮው ሥርዓት ሙሉው ታሪክ በእያንዳንዳችን ኮምፒውተር ላይም ይቀመጥ ነበር። የእኔን ቅጂ ይዤ መደብሯ ገባሁና አብረን ማዛወር ጀመርን። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ወዳለው ሻይ ቤት እንሸሻለን። መጀመሪያ ስንሞክር ከየለውጡ ጋር በአማርኛ የጻፍናቸው ማስታወሻዎች ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ወጡ፤ ያን ሙከራ ጥለን እንደ አዲስ ጀመርን። በመጨረሻ እያንዳንዱ ለውጥ ከነባለቤቱ ተቀመጠ።

ለአዲስ አበባው ጓደኛችን ላክንለት፤ ገጹ ላይ ግን አላወጣውም። የገጹ ቁልፍ በእሱ እጅ ነው። ያኔ ተጠቃሚዎች በሚወያዩበት መድረክ ላይ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ጻፍኩት። አንዱ ጠየቀ፣ ሌላው ተቆጣ፤ ጥያቄው ሲበዛበት ጓደኛችን «በስህተት ነው» ብሎ የእኛን ቅጂ ተካው። ለእሷ ግን አንድ የይቅርታ ቃል አልጻፈላትም። የባሕር ዳሩም ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

«ስሜ ተመልሷል፣ ተወው በቃ» ትለኛለች። እኔ አልተውኩትም።

ለዘንድሮ ቡሄ እሱ አገር ቤት መጥቶ ገበያው መሐል ተገናኘን። እጁን ዘረጋልኝ።

«አሁንም ተቀይመሃል እንዴ?»

«አዎ። መጀመሪያ እሷ ዘንድ ሂድ» አልኩት።

መደብሩ ከቆምንበት ይታያል፤ እሷም ደጃፉ ላይ እህል እየሰፈረች ነበር። ዞር ብሎ አያት። ሰዓቱን ተመለከተና፣ «መኪና ያመልጠኛል» ብሎ ወደ መናኸሪያው አቀና።