ከቅጠሉ ጀርባ

ወልቂጤ የተከራየሁት ቤት ብርሃን አያስገባም። ለትንሿ የዓሣ ገንዳዬ ከኋላ የሚቆም ተክል ልመርጥ ሄጄ ሻጩ ሁለት አሳየኝ። ቀዩ ያምራል፣ ግን ብርሃን ይፈልጋል።

"ይሄኛው ጥላ ይችላል፤ ዓሣዋም ስትደነግጥ ትሸሸግበታለች" አለና ጥቅጥቅ ያለውን አረንጓዴ ከውኃው አወጣው። እርጥብ የግንድ ሽታው እናቴ እንሰት ወደምትፍቅበት፣ ቡታጅራ ወዳለው ጓሯችን መለሰኝ።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። የክፍሌ ልጆች ሳላስበው ቤት መጡ። እናቴ እጇ እስከ ክርኗ በእንሰት ጭማቂ እንደራሰ ብቅ አለች።

"ማናት?" አለችኝ አንዷ።

"ሠራተኛችን ናት" አልኩ።

እናቴ ሰማች። ወደ እንሰቱ መሃል ተመለሰች፤ ሰፋፊው ቅጠል ሲሸፍናት አየሁ። ልጆቹ እስኪሄዱ አልወጣችም።

ራት ላይ ቆጮውን እየቆረሰች "እንሰት ጓሮ የሚተከለው ለመብል ብቻ ይመስልሻል?" አለችኝ።

"አዎ፣ ለቆጮ ነው" አልኳት። ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል አልገባኝም ነበር።

አረንጓዴውን ገዝቼ ከኋላ ተከልኩት። ዓሣዋን ስለቃት ወዲያው ቅጠሉ ውስጥ ገባች። ወንበር ስቤ እስክትወጣ ጠበቅኳት። እናቴን ግን ያን ዕለት "ሄደዋል፣ ነይ" እንኳ አላልኳትም።