የሙዓዊያ አንቱታ

ሙዓዊያ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል። ሹፌር ሁሉ ባለጌ ነው የሚል ሰው እሱን ይየው። ራቢያ ደሴ ሆጤ ሰፈር መንገድ ዳር ቆማ ካያት ዱብ ብሎ ይወርድና የጋቢናውን በር ከፍቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ይግቡ" ይላታል። ተሳፋሪው በሳቅ ይፈርሳል። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይነዳል።

ራቢያ ባሏ ሞቶባት ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ናት። በዕድሜ ታንሰዋለች፤ ግን አንድም ቀን አንቺ ብሏት አያውቅም። ስልኩ ላይ እንኳ ስሟን "እርሳቸው" ብሎ ነው የያዘው። አባቱ ሚስታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አንቱ ሲሉ ሰምቶ አድጓል፤ ለእሱ ከዚህ በላይ ፍቅር የለም። እሷ ግን ይህን በምን ትወቀው? አልነገራት! ሽማግሌ ልላክ ሲል፣ ሐዘኗ ይብረድላት ሲል፣ ዘመኑ ነጎደ።

አንድ ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ "ሙዓዊያ፣ ሽማግሌ መጥቶብኛል" አለችው። "የኩታበር ሰው ነው። ምን ትለኛለህ?"

"ለእርስዎ የሚበጀውን አላህ ያውቃል" አላት። ምን ዓይነት መልስ ነው ይሄ!

"እስቲ አንዴ፣ በአላህ፣ አንዴ ብቻ አንቺ በለኝ።"

አፉን ከፈተ።

"እንዴት ብዬ ልድፈርዎት?"

ራቢያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "እኔስ ወላሂ ስጠብቅህ ነበር" አለች። "ለካ እንደ እናትህ ነው የምታየኝ።"

አይደለም ማለት አቅቶት ኮምቦልቻ ገቡ። ኒካሁም ከኩታበሩ ሰው ጋር ሳይዘገይ ታሰረ።

ከዚያ ወዲህ ሙዓዊያ ምግብ አይበላለት፣ እንቅልፍ አይወስደው። ሌላ ሴት አግባ የሚሉትን ዘመዶቹን ይሸሻል። ተስፋ የሚባል ነገር ከውስጡ ወጥቷል።

ባለፈው ባልና ሚስቱ ከኮምቦልቻ ተሳፈሩ፤ ከኋላ ተቀመጡ። ሰውዬው ገና ሳይደላደል በትከሻው ገፋ አደረጋትና፣ "አንቺ፣ ጠጋ በይ እንጂ! ወንበሩን ብቻሽን ልትይዢው ነው?" አላት።

የሙዓዊያ ደም ፈላ። የተከፋ ፊቷን ሊያይ፣ ካስፈለገም ሰውዬውን ሊቆጣ፣ ቀና ብሎ በስፖኪዮው ተመለከተ።

ራቢያ ፈገግ ብላ ጠጋ አለች። ሙዓዊያ እንዲያ ፈገግ ስትል አይቷት አያውቅም።