የአስቴር ምስክርነት

አስቴር ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ስትበልት ምላሷ ከቢላዋዋ አይተናነስም፤ ደላላ አይደፍራትም። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት። ሰው ምን ይለኛል የሚሉት በሽታ ይዟታል።

ልጇ ሄራን አብሯት የተወለደ፣ እምብዛም የማይታይ የዘረ መል ሕመም አለባት። ከእሱ የመጣው የሚጥል በሽታዋ ለኪኒን አልበገር ሲል አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ከደረቷ ቆዳ ሥር ትንሽ መሣሪያ ቀበሩላት። በአንገቷ ነርቭ በኩል አንጎሏን እየነካካ ጥቃቱን ያሳንሳል። ሲጥላት ደግሞ ደረቷ ላይ እያሳለፉ መሣሪያውን የሚያነቁበት ማግኔት ለእናቷ ሰጧት፤ እጅ ላይ የሚታሰር።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ኤርጫፎ የአስቴርን እጇን አይተው፣ «እህቴ፣ ክታብ ጀመርሽ እንዴ?» አሏት። ክታብ፣ ያውም በጴንጤ ቤት! ማስረዳት ሲገባት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲህ ማግኔቱን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

አንድ እሁድ በጸሎት መካከል ሄራንን ጣላት። ምእመናኑ ከበው እጅ ጫኑባት። አስቴር በነጠላዋ ከልላ ማግኔቱን በልጇ ደረት ላይ አሳለፈች፤ መንፈራገጡ ረገበ። ጉባኤው እልል አለ፤ «መስክሪ» ብለው ማይክ አስያዟት።

«ጌታ ነካት፤ መድኃኒት አላስፈለጋትም» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሰንበት ብሎ ጽጌሬዳ የምትባል የገረሴ ከተማ ሴት ጫሞ ዳር ድረስ ፈልጋት መጣች። ያን እሁድ ከባሏ ጋር ጉባኤው ውስጥ ነበሩ።

«ልጄን እንደ ልጅሽ ይጥለዋል። ባሌ አንቺን ሰምቶ ኪኒኑን አስቆመው፤ አሁን ባሰበት። ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው?»

አስቴር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እጅጌዋን ሰብስባ ማግኔቱን አሳየቻት። «ዋሽቻለሁ። ሄራን ኪኒኗንም አላቆመችም።»

ጽጌሬዳ አልተሳደበችም። ብትሳደብ ይሻል ነበር። «ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ዋጋ አለው? ባሌ የሚያምነው በማይክ የተነገረውን ነው» አለች።

በሚቀጥለው እሁድ ባልና ሚስቱ ልጃቸውን ይዘው መጡ። አስቴር መድረክ ወጣች። ጋሽ ኤርጫፎ ፈገግ ብለው ማይኩን ሰጧት።

«ያን ቀን የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች። ስለ ማግኔቱ ተናገረች፤ ስለ ኪኒኑ ተናገረች፤ ፊቷን ወደ ጽጌሬዳ ባል አዞረች። «ወንድሜ፣ ልጅህን በእኔ ውሸት አትግደለው።»

ሰውየው ተነስቶ ልጁን ከሚስቱ ጀርባ ላይ አውርዶ ታቀፈ።

«ሆስፒታሉ በየት ነው?» አለ።

አስቴር ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም፤ በእጇ ብቻ መንገዱን ጠቆመችው።