ለማንም የማትከፈት ሰንጢ፦ ወደ አዋሳና መልስ

የበደለኝ ወርቁ ነው፤ የታናሽ እህቴ ባል። ጊዜው ደርግ በገባ በአራተኛው ዓመት፣ የአባታችን ተዝካር ዕለት። የአባታችን ሰንጢ ጠፋች ተባለና ወርቁ ከድንኳኑ መሀል ቆሞ፣ «የእትዬ ዘነበች ቦርሳ ይፈተሽ» አለ። እንግዳው ሁሉ እያየ ቦርሳዬ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ሰንጢዋ አልተገኘችም። «ቀድማ አሽሽታታለች» አለ። እህቴ አስካለ አመነችው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አላነጋገረችኝም።

አሁን መንገዱን ልጻፍ።

ንጋት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ ብርድ ነው። ጆንያ፣ ጀሪካን፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ፊት። ከቀበሌ የተሰጠኝን የይለፍ ወረቀት በመቀነቴ ቋጥሬያለሁ። «ዐራስ ለመጠየቅ» ይላል። ውሸት አይደለም፤ አስካለ ወልዳለች። ዐራስ ሊጠይቅ የመጣን ዘመድ ደግሞ ወርቁም ቢሆን ከበር አይመልስም።

ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ሌላ ነው። አዋሳ ደርሶ የመጣ አንድ ጎረቤቴ፣ «የእህትሽ ባል ሰንጢ አውሶኝ ብርቱካን ልልጥ ስል አልከፈትልኝ አለ፤ ዝጓል ብዬ መለስኩለት» ብሎ አጫወተኝ። እሱ ሳቀ። እኔ ግን በማግስቱ ለይለፍ ወረቀት ተሰለፍኩ።

ረፋድ፣ መቂ

አውቶቡሱ ለቁርስ ቆመ። ልጃገረዶች ሽንኩርትና ፓፓዬ በመስኮት ያቀብላሉ። ትልቅ ፓፓዬ መረጥኩ። ያለ ስለት የማይበላ ፍሬ ነበር የፈለግኩት።

«እማማ፣ ይቺማ ለሠርግ ትበቃለች!» አለ ረዳቱ።

«ለዐራስ ናት» አልኩት።

ከዝዋይ በኋላ ሜዳው ግራር ብቻ ነው። ስለ ሰንጢዋ እዚህ ላይ ልናገር። አባታችን ጣሊያን ትቷቸው የሄዳቸውን ሰንጢዎች ይሰበስብ ነበር። «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሰው አይወድም። ስንት ምስማር እጀታውን እንደያዘው፣ ማጠፊያው በምን እንደተሠራ፣ ማኅተሙ ወዴት እንደዞረ እያሳየ አስተማረኝ። ከሁሉም ግን ያቺ የጠፋችው ትለይ ነበር። በሌሎቹ ላይ ስለቱን በጥፍር የምንስብባት ጭረት በቀኝ አውራ ጣት በኩል ናት። በእሷ ላይ ግን በሌላኛው ገጽ ነበረች። ሠሪው ተሳስቶ ይሁን ለግራኝ አስቦ፣ አባታችንም አላወቀ። የማያውቃት ሰው ባዶውን ገጽ ሲቧጭር ይውላል። እሱ ገልበጥ አድርጎ በግራ አውራ ጣቱ በአንድ ጊዜ ይከፍታት ነበር።

ከሰዓት፣ አዋሳ

ዛሬ ሀዋሳ የምትሏት ከተማ ያኔ አዋሳ ነበረች። ጋሪ ተሳፈርኩ። አስፋልቱ ቀጥ ያለ ነው፤ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ዛፍ ላይ ተሰይሟል፤ ንፋሱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የወርቁን ስም ስጠራ ጋሪ ነጂው ልጓሙን ያዝ አደረገ።

«የቀበሌው ሊቀመንበር? ጥጉ ላይ ላውርድዎት፤ ፈረሴ ያን በር አይወድም።»

ይህን አላውቅም ነበር። በአንድ ቃል ሊያሳስረኝ ይችላል ማለት ነው። ቢሆንም ወረድኩ።

አስካለ አልጋ ላይ ሆና ሳመችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም። ሁለት ጎረቤቶች፣ አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ ተቀምጠዋል። ወርቁ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «እትዬ ዘነበች፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ። ፓፓዬውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

«ጓድ ወርቁ፣ ያቺን ሰንጢ ወዲህ በሏታ» አለች ጎረቤቲቱ።

እምቢ ሊል አልቻለም። ከኪሱ አውጥቶ፣ «ትናንት ከገበያ የገዛኋት ናት፤ ገና አልለመድኳትም» አለና ሰጣት። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። የአባታችን ሰንጢ እጀታ ቀንድ ነው፤ የዚህች አዲስ እንጨት፣ ምስማሮቿም የሚያብረቀርቅ ናስ። ስለቷ ግን በመሳል ብዛት አልቃ ጀርባዋ ብቻ ቀርቷል። እጀታ ይለወጣል።

ጎረቤቲቱ ሞከረች፤ አልቻለችም። ለሰውዬው አቀበለችው። ጥፍሩ እስኪነጣ ባዶውን ገጽ ቧጨረ።

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ የዛገ ብረት ሸጡልዎት!»

ሁሉም ሳቁ። ወርቁ ሳቅ አይወድም፤ በተለይ በራሱ ላይ። ነጠቀው። ሳያይ ገልበጥ አድርጎ በግራ አውራ ጣቱ ከፈታት።

ሳቁ ቆመ ማለት አልችልም፤ ጎረቤቶቹ ምኑንም አላወቁም። ዓይኗን ሰንጢዋ ላይ የተከለችው አስካለ ናት።

«አስኩ» አልኳት፣ «አባባ እንዴት ነበር የሚከፍታት?»

ሕፃኑን አጠገቧ አስተኛች። «እንደዚሁ» አለች። «እንደዚሁ ነበር። ወርቁ፣ ትናንት ገዝተህ እጅህ መቼ ለመደ?»

«ምን አገባሽ አንቺ ሴትዮ!» አለ ወደ እኔ ዞሮ። እትዬነቴ እዚያ ላይ አበቃ። አስካለ እጇን ዘረጋች። ሰው ፊት ሚስቱን ሊመታ አልደፈረም፤ ሰጣት። አጥፋ ለእኔ አቀበለችኝ።

«ውሰጃት» አለኝ ወርቁ ዝግ ብሎ። «ኬላ ላይ ስለት የተገኘበት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።»

ማግስቱ፣ ሞጆ ኬላ

ሁላችንንም አስወረዱን። ጥቅልሉ ሁሉ ይፈታል። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ በአንድ ምላጭ የተነሳ ከሰልፉ ወጥቶ ቁጭ ብሏል። ወታደሩ እጁን ቦርሳዬ ውስጥ ከቶ ሰንጢዋን አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«የአባቴ ናት ልጄ።»

በጥፍሩ ባዶውን ገጽ ሳበ። ደገመ። ጣቱን እፍ እፍ አለና ተሳደበ።

«ዝጓል እኮ! ምን ይሠራልዎታል?»

«አዎ፣ ዝጓል» አልኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ወረወረልኝ።

ማታ ቤቴ ገባሁ። በሩን ዘጋሁና ከፈትኳት።

ወርቁ ከዓመታት በኋላ ሞተ። ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም። ተዝካሩ ላይ ሄድኩ። ከድንኳኑ መሀል ቆሜ፣ እንግዳው ሁሉ እያየ ቦርሳዬን መሬት ላይ ዘረገፍኩ፤ ሰንጢዋን አንስቼ ወጣሁ።