የአባባ ገፊዎች

ሳቢያን ሰፈር፣ የብረት በር ከሚሰሩት ልጆች ደጃፍ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ቆርቆሮ በመቀስ ሲቆረጥ ከሰማሁ አለቀልኝ። ያ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ቀጥታ ወደ ከዚራ ሰፈር፣ አባባ በረንዳ ላይ ይወስደኛል፤ ባጃጁም ያመልጠኛል።

አባባ የእናቴ አባት ነው። ባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፉርጎዎችን እየገፋች ቦታ ቦታቸውን የምታስይዝ አንዲት ትንሽ የናፍጣ ባቡር ይነዳ ነበር፤ ሰፈሩ «ገፊዋ» ይላታል። እሷ ላይ አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር፣ አባባ ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ጎማዎቿን ከቆርኪ ሰርቶ፣ ልክ እሷን የምትመስል ትንሽ ገፊ ይሰራ ነበር። መጀመሪያ ቢጫ ነበረች። ከፉርጎ ተጋጭታ አፍንጫዋ ሲጎደጉድ ሁለተኛዋን ሰርቶ በመዶሻ አጎደጎደላት፤ አረንጓዴ ስትቀባ ሦስተኛዋ፣ የግራ በሯ በሌላ ሲተካ አራተኛዋ መስኮቱ ላይ ተሰለፉ። ያልሆነ ነገር ስራ ሲሉት ግን ሞቼ እገኛለሁ ይላል። «ክንፍ ስራላት» ብዬ ስለምነው፣ «መቼ በረረች?» አለኝ።

ከዚያ በአንዱ የሙቀት ወቅት ገፊዋ ስራ አቁማ ግቢው ውስጥ ቆመች፣ አባባም ቤት ዋለ። እጆቹ ግን መቀመጥ እምቢ አሉ። ደህናውን ሬዲዮ ይፈታል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄዶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። «ኧረ አቦ ቁጭ በል አባዬ፣ አዞርከኝ!» ትል ነበር እናቴ። ሰውነቱ ሲያልቅ አየሁና፣ አንድ ገፊ ቢሰራ እጁ ያርፋል ብዬ ያዝኩት።

«አምስተኛዋን ስራ።»

«ቆማለች እኮ። ምኗን ልስራ?»

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ የደቻቱ ወንዝ በጎርፍ እየጮኸ፣ እኔ በጣቢያው አጥር ቀዳዳ ለውጥ ፍለጋ አፈጥ ነበር።

«አባባ፣ ዝጋለች!»

«እኔም ዝጌያለሁ።»

«ፍየል ስሯ ተኝቷል!»

«ሲነሳስ?»

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አንድ ቀን ወፍ ሣር ይዛ ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ስትገባ አየሁ። እየበረርኩ ሄጄ ነገርኩት።

«ጭስ ማውጫው ውስጥ? እብድ ናት? ሞተሩ ቢነሳ...» አለና ተነሳ።

ጫማውን አድርጎ ተከተለኝ። አጥሩን ይዞ ቆየ፣ ወፏ ወጥታ እስክትመለስ። ወደ ቤት ስንመለስ ከሱቅ ደጃፍ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አነሳ። በማግስቱ የመቀሱ ድምፅ ቀሰቀሰኝ፤ አባባ ዕቃው መሃል ተቀምጦ፣ ያን ቀን አንዴም ወደ መንገዱ አልወጣም። አምስተኛዋ ገፊ ጭስ ማውጫዋ የመጥረጊያ ጭራሮ ተሰክቶበት፣ ከላይ የዶሮ ላባ ነበረው።

«ይኸው ክንፍሽ» አለኝ።

ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላውቅም።

አሁን አይኑ ደክሟል፣ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ያኔ እኔ ነበርኩ የምነዘንዘው፤ ዛሬ እሱ «ሄደሽ አየሻት? ምን ተለወጠ?» እያለ መቀመጫ ይነሳኛል። ትናንት አየኋት፤ ከጎማዎቿ መሃል ግራር በቅሎ መስኮቷን ሊያልፍ ነው። ነገርኩት፣ «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። ያኔ ዘይት በቆርቆሮ ነበር፣ አሁን ሁሉም በፕላስቲክ ሆኗል፤ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ፍለጋ መጋላ ገበያን ሳስስ ውዬ ባዶ እጄን ገባሁ፣ እጆቼ ግን እስካሁን ጠረጴዛ ይደበድባሉ።